ለፊልም የተለቀሰ ለቅሶ

ፈረንጆቹ ቡታጅራ የገቡት በርበሬ በሚለቀምበት ወራት ነው። ሁለት ጂፕና አንድ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። የመንገዱ አቧራ ይሁን የበርበሬው፣ ብቻ ሁሉም እያስነጠሱ ሻይ ቤቴ በር ላይ ወረዱ። ሻይ ቤቴ ከገበያው ወጣ ብላ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ምድጃ፣ ይኸው ነው። ባለቤቴ እንደ አብዛኛው ያገራችን ወንድ አዲስ አበባ ነው ያለው። መርካቶ ይነግዳል፣ ለአረፋ ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ይመለሳል። ከእኔ ጋር የምትኖረው ልጄ ብቻ ነበረች።

ስለ እሷ አስቀድሜ ልናገር። ከእሷ በፊት ሦስት ወልጄ ሦስቱንም ቀብሬአለሁ። ትልቁ እንኳ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ለሕፃን በእኛ ዘንድ አይጮህም፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ሁለት ሦስት ወንዶች ይዘውት ይሄዳሉ፣ እናትየዋ ጓዳ ትቀመጣለች። አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ ተብሎ ያበቃል። ሦስቱንም እንዲያ ሸኘሁ። አራተኛዋ ስትመጣ ደስታው ሳይሆን ፍርሃቱ ነው ቀድሞ የያዘኝ። ስታስል ሌሊቱን ሙሉ ከራስጌዋ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ከቆየች ነጠላዬን ሳልደርብ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ «ያንቺስ ልጅ እንቁላል ናት፣ በጥጥ ጠቅልለሽ አስቀምጫት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለ ሦስቱ ለእሷ ነግሬአት አላውቅም። በቤታችን አይወራም።

ያን ዓመት አሥራ ስድስት ሞልቷት በአቅራቢያችን ካለችው ከቆሼ ከተማ ለሆነ ልጅ ታጭታ ነበር። የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ኒካው በመጪው አረፋ አባቷ ሲመጣ ሊታሰር ተቆረጠ። ለቆሼዎቹም ስለ ሦስቱ አልነገርናቸውም። ልጅ የማይበረክትበት ቤት ነው ከተባለ ማን ደጅህን ይረግጣል? እኔ ከአላህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህችኛዋ ትዳር ይዛ፣ ወልዳ፣ እኔን ቀብራ ትኑር።

አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ አፈ ጮሌ።

«እትዬ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ምሳ ይገኛል?»

«ቆጮ ይበላሉ?»

«ድንጋይም ብትሰጪያቸው ይበላሉ። ከጠዋት ጀምሮ ብስኩት ነው የሚያኝኩት።»

እንዲህ ሆኜ የፈረንጆቹ ወጥ ቤት ሆንኩ። የመጡት ፊልም ሊሠሩ ነው። ሐረ ሸይጣንን ፈልገው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው፤ መሬቱ እንደ ድስት ሰምጦ፣ ከታች ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከዳር ድንጋይ ወርውሮ ያሻገረ የለም ይባላል። እኛ ወደዚያ ልጅ አንሰድም። እነሱ ይህንኑ ሰምተው ባሕር አቋርጠው መጡ።

ታሪኩን አስተርጓሚው ቆጮውን እየጎረሰ ነገረኝ።

«ከሰማይ ኮከብ ይወድቃል። ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ኮከቡ ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እኔ እንጃ። አካል የለውም። ውሃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ ውስጥ ይገባል። ልጅቷ እንደ ውሃው አረንጓዴ ትሆናለች፣ ከዚያ ትደርቃለች። የነካት ሁሉ ይደርቃል። በመጨረሻ ፈረንጅ ሐኪም መጥቶ መንደሩን ያቃጥለዋል።»

«መንደሩን? ሰዎቹስ?»

«አብረው ነዋ።»

«ሐኪም አይደለም እንዴ? መድኃኒት የለውም?»

ይህን ሲተረጉምለት የፈረንጆቹ አለቃ፣ ረጅሙ ባለ ባርኔጣ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ልጄ እጃቸውን ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች፤ ሳቁም ቆመ። ልጄ ሰው ስታይ ዓይኗን የማትሰብር ናት። ከልጅነቷ እንዲሁ ናት፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ሰውዬው እጁ እየተንጠባጠበ ቆሞ አያት።

«አይሆንም» አልኩ፤ ገና አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት።

«እትዬ፣ ምንም አላልንም እኮ!»

«የምትሉትን አውቄዋለሁ።»

ሁለት ቀን እምቢ አልኩ። አንድ የመንግሥት ጸሐፊ መጥቶ ለአገር ስም ነው፣ እምቢ ማለትሽ ነውር ነው አለኝ። እሱን ችዬው ነበር፤ ያልቻልኳት ልጄን ነው።

«እማ፣ ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ሰምተዋል።»

«የቆሼ ሰዎችስ ሲሰሙ?»

«ምን ይላሉ? ሥራው መተኛት ነው። ተኚ ነው የሚሉኝ፣ እተኛለሁ።»

ወንድ እንዳይነካት፣ እኔም ካጠገቧ እንዳልለይ አስምዬ ተስማማሁ።

ፊልም ሥራ ከሩቅ ሲሰሙት ሌላ ነው፤ ሲያዩት አሰልቺ ነው። ልጄ እንስራ አዝላ ወደ ውሃው ትወርዳለች፣ «እንደገና!» ይላሉ፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድ ሁሉም ቁጭ ይላሉ። ደመናው ሲሄድ ይሮጣሉ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጅተው የቀረጹት በኋላ ፊልሙ ላይ ሳየው ምራቅ ውጬ ሳልጨርስ አለፈ።

የዚያ «ነገር» ፊት ነው ያስቸገራቸው። ከአገራቸው በሳጥን አምጥተውት ነበር፤ ከጎማ የተሠራ ልብስና በቆርቆሮ የታሸገ የሚዝለገለግ ቀለም። ሾፌሩ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ትቶት ጎማው ቀልጦ ተጣበቀ፣ ቆርቆሮውም ፈነዳ። ይህን የሚሠራው ቀይ ፂም ያለው ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። አሳዘነኝ። አስተርጓሚው ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ የሚያዳልጥ፣ የሚንጠባጠብ፣ ሰው ላይ ሲታይ የሚያስጠላ ነገር ታውቂያለሽ?»

«ለምን?»

«ለልጅሽ ፊት።»

ቡላ አልኩት። ቡላን በውሃ በጥብጠው እሳት ላይ ሲያማስሉት ይጠነክራል፣ ይዝለገለጋል፣ ብርሃን ያሳልፋል። እኔ ጋ ደግሞ ጥሩ ቡላ ነበረኝ፤ ከቸሃ ያስመጣሁት፣ ንጹሕ ነጭ፣ ልጄ ወልዳ ስትተኛ በቅቤ ላጠጣት ብዬ ያስቀመጥኩት። ገና ሳትዳር! ወላሂ፣ ያን ቡላ ራሴ ፈትቼ ራሴ አማሰልኩት። አለላ የሚነከርበትን አረንጓዴ ቀለም ከሰፌድ ሠሪዋ ጎረቤቴ አምጥቼ ጨመርኩበት። ቀይ ፂሙ በጣቱ ነክቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ ቀጥሎ ላሰው፤ ቀጥሎ ጉንጬን ሊስመኝ መጣና ሸሸሁት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጄን ፊቷንና አንገቷን በገዛ እጄ ቀባኋት፤ «ይበርዳል» እያለች ትስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ተራ ደረሰ። ልጅቷ ደርቃ ትሞታለች፣ መንደሩ ያለቅሳል። ካካባቢው ሃያ ያህል ሴቶች ቀጥረው አስቀመጡ። ልጄ ከሐይቁ አፋፍ ላይ፣ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎላት፣ አረንጓዴ ሆና ተዘረጋች።

«አልቅሱ» አለ አስተርጓሚው።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ሞተና?» አለች አንዷ።

«ልጅቷ ናታ። ሞታለች በሉ።»

«ይቺማ አሁን ቆጮ ጎርሳ አይደል የተኛችው?»

ሳቅ ሆነ። ሽንኩርት አምጥተው ዓይናቸው ሥር ያዙላቸው፤ አነጠሱ፤ ይብስ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «እንሰት መፋቄ ቀረብኝ፤ ሬሳ ሲኖራችሁ ጥሩን» ብለው ነጠላቸውን አራገፉ። ባለ ባርኔጣው ሰዓቱን፣ ፀሐይዋን፣ እኔን አየ። አንድ ነገር አለ።

«እትዬ» አለኝ አስተርጓሚው፣ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ካለቀስሽ እነሱም ያለቅሳሉ ይላል። እናቷ ነሽ።»

«አልችልም።»

«ትንሽ ብቻ። ጠጋ ብለሽ ተቀመጭ።»

ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ልጄ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ አትንቀሳቀስም፤ ከንፈሯ ላይ ያለው ቡላ በፀሐዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ስንጥቅ አየሁ። ትልቁ ልጄ በትኩሳት ሲሄድ ከንፈሩ እንዲያ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ በደንብ አላውቅም። እሪ አልኩ። ደረቴን መታሁ። ጓዳ ውስጥ ነጠላዬን ነክሼ የዋጥኩት የሦስቱም ጩኸት በአንዴ ወጣ። እሱን ጠራሁት፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋን፣ ቀጥሎ ስም እንኳ ያልወጣለትን። በአማርኛ አልነበረም፣ በቋንቋዬ ነው፤ ፈረንጆቹም አስተርጓሚውም አልገባቸውም። ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ሳቃቸው ቆመ። ሊሄዱ የተነሡት አሮጊት ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና ጀመሩ።

በእኛ አገር እሪታ ጥሪ ነው። የሰማ አይጠይቅም፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው፤ ግን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ከሐይቁ ማዶ የሚያርሰው በሬዎቹን ፈታ። በየጓሮው እንሰት የሚፍቁ ሴቶች መፋቂያቸውን ጥለው ወገባቸውን አሠሩ። በየቀያቸው እሪታውን እየተቀባበሉ፣ እየሮጡ፣ አቀበቱን ሞሉት። ማን እንደሞተ ሳያውቁ ከሩቅ እያለቀሱ መጡ። ሲደርሱ አረንጓዴ የሆነች ልጅ ተዘርግታ፣ እናቷ ደረቷን ስትመታ አዩ። ምን በሽታ ነው ብለው አልጠየቁም። ተቀላቀሉ። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣውን ወርውሮ እየዘለለ ነበር አሉኝ። ካሜራው አልቆመም።

ዝንብ ነው የገላገለን፤ ወይም ያጠፋን። ልጄ አፍንጫ ላይ ዐረፈ። ችላው ችላው ቆየችና አነጠሰች፤ ተነሥታም ተቀመጠች።

ሰዉ ወደኋላ ሸሸ። የወደቁም አሉ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወጡ፤ አካባቢው የሚሰማቸው ሰው ናቸው።

«ማን ነው የሞተው?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«አንቺን ነው፣ ልጄ። ማን ሞቶ ነው የጠራሽን?»

«ፊልም ነው፣ አባቴ።»

«ምንድነው እሱ?»

አስተርጓሚው ሊያስረዳ ሞከረ። ኮከቡን፣ ሐይቁን፣ ፈረንጁን ሐኪም። ሽማግሌው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት።

«እሺ። የአንተስ ገባኝ። ለማታውቀው አገር ነው የመጣኸው። እሷ ግን ታውቃለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ ለዚች ልጅ ወጥተናል። አልቅሰንላታል። ያለቀስነውን አሁን የት እናድርገው?»

ንፍሮ ልቀቅል አልኩ። ለቅሶ የወጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስምና። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሕይወት ላለች ልጅ ንፍሮ ይበላል? ዱዓውንስ ለማን ብዬ ላድርግ?»

አንድ በአንድ ሄዱ። ማንም እጄን አልጨበጠም። ልጄ ቡላውን በክርኗ እየጠረገች «እማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያነጠሰችው ጥፋት መስሏት ነው።

ፈረንጆቹ በማግሥቱ ሄዱ። ወሬው ግን ቆሼ ደረሰ። የእጮኛዋ ሰዎች መጥተው ጨዋ በሆነ አንደበት፣ ነገሩ ይብረድ፣ ኒካው ለሚቀጥለው አረፋ ይተላለፍ አሉ። ልጁ ራሱ ስኳር ይዞላት መጣ። ይበርዳል ብዬ ነበር። የእውነት ይበርዳል ብዬ ነበር።

ፊልሙ የመጣው በዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ነው። አንድ ነጋዴ የእህል መጋዘኑን አጽድቶ፣ መስኮቱን በጆንያ ደፍኖ፣ አቡጀዲ ሰቅሎ ሲኒማ አደረገው። ቅዳሜ ከሰዓት ያሳያል። ለአንድ ቅዳሜ ነበር የመጣው፤ ለስንት ወር እንደቆየ እኔ እንጃ። ተማሪው አበደ። አስተማሪዎቹም አበዱ፤ ከሰሜን የመጡት፣ በሌላ ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ የማይሉት ሁሉ። ያው ፊልም፣ ያው ልጅ፣ ያው ሐይቅ፤ አሥር ጊዜ ያየው ለአሥራ አንደኛ ይገባል። ኮከቡ ሲወድቅ ሁሉም አብረው ያፏጫሉ። ፈረንጁ ሐኪም ክብሪት ሲጭር «መድኃኒት የለህም ወይ?» ብለው ይጮኹበታል፤ ይህን ቃል ከእኔ ሻይ ቤት ነው የወሰዱት። አረንጓዴ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ያስራሉ። ለቅሶው ሲደርስ ግን ሁሉም ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፣ አብረውኝ ያለቅሳሉ፣ ቃል በቃል። ጉራጌኛ የማያውቁት ሁሉ አጥንተውታል። የልጆቼን ስም፣ ማን እንደሆኑ ሳያውቁ፣ በመንገድ ላይ እየጮኹ ያልፋሉ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ እሰማቸዋለሁ።

ከገጠር የሚመጡም ነበሩ፤ እነሱ ለሌላ ነው የሚመጡት። ለቅሶው ላይ መጀመሪያ የተቀላቀሉኝ አሮጊት በዚያው ዓመት ዐርፈው ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በየሳምንቱ አህያቸውን ከደጅ አስረው ይገባሉ፤ እናታቸው በአቡጀዲው ላይ መጥተው አጠገቤ እስኪቀመጡ ይጠብቃሉ፤ ሲያልፉ ተነሥተው ይወጣሉ። ኮከቡም ነገሩም ምናቸውም አይደለም።

ከወልቂጤ፣ ከአዲስ አበባም በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር። ሐይቁን አይተው ሲመለሱ ሻይ ቤቴ ይሞላል።

«እትዬ፣ የታለች የኛ ደረቅ?»

«እንዲህ አትበሏት።»

«በፍቅር ነው እኮ! እንደ እሷ የምንወደው የለም።»

«የምትወዷት ከሆነ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ።»

«አንዴ ትየን፤ እንደ ፊልሙ ዓይኗን ሳትሰብር አንዴ ትየን፤ እንሄዳለን።»

ልጄ ትወጣና ታያቸዋለች። እያጨበጨቡ ይሄዳሉ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህን መካድ አልችልም። ስኒ ሰብረው ከሄዱ ተመልሰው ይክሳሉ። ግን አንዳቸውም ስኒ ከእጇ አይቀበሉም ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው ይሏታል፣ እየሳቁ። የነካት ይደርቃላ! ጨዋታ ነው። ቀስ በቀስ የገበያ ሴቶችም ከእጇ አይቀበሉ ጀመር፤ እነሱ ግን አይስቁም።

አረፋ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የእጮኛዋ እናት ብቻዋን መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቢ እህቴ፣ ተቀመጭ። ልጁስ?»

«ደህና ነው። አየው እኮ።»

«ምኑን?»

«ፊልሙን። ሁለት ጊዜ። እኔም ትናንት ገባሁ። አንቺን አየሁ።»

ምድጃው ላይ ያለውን ጀበና አወረድኩ፤ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው።

«ስለ አረንጓዴው አይደለም የመጣሁት» አለች። «ቡላ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እኔም ቡላ አበስላለሁ። የነካት ይደርቃል የሚሉትም የልጅ ነገር ነው። አንቺ ነሽ ያስፈራሽኝ።»

«እኔ?»

«እኔም እናት ነኝ። ለጨዋታ እንዲያ አይለቀስም። ይህች ሴት በልጇ ላይ የምታውቀው ነገር አለ አልኩ። ደረቷን ነው? የሚጥላት ነው? ንገሪኝ፤ ካወቅን እናስታምማታለን፤ ሳናውቅ ግን አንወስዳትም።»

ጉራጌኛ አትሰማም፤ የጠራኋቸውን ስሞች አልለየቻቸውም። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ለእሷ አይደለም ያለቀስኩት፣ ከእሷ በፊት ለቀበርኳቸው ሦስት ነው ልላት ነበር። ብላትስ? ሦስት የሞተባት እናት ልጅ ናት፣ ደብቀውናል ተብሎ ያልቃል። ባልላትም በሽተኛ ናት ተብሎ ያልቃል። ሁለቱንም በር አየሁ፤ ሁለቱም ዝግ ነው።

«ምንም የላትም፣ ጤነኛ ናት» አልኩ።

«እሺ» አለችና ተነሣች። በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ በሰላም ተለያየን። ልጁ አልመጣም።

ልጄ አላለቀሰችም። ያን ቅዳሜ ለብሳ ሲኒማ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መሄድ ጀመረች። ከፊት ያስቀምጧታል አሉ፤ ሲወጡ መንገድ ይለቁላታል። በሌላው ቀን ከቤት አትወጣም፣ እህል አትቀምስም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ድሬሰሩ ሆዷንም ደረቷንም ዳብሶ ምንም የለባትም አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ ናት እንዴ?» አለኝ።

«ለምንድነው የምትሄጂው?» አልኳት አንድ ቀን። «ራስሽን ሞተሽ ለማየት ነው?»

«እኔን አላይም» አለች። «አንቺን ነው የማየው። እማ፣ እንዲያ አድርጎ የሚወደው ያለው ሰው ስንት አለ? እነሱም እኮ የሚነሡት ለዚያ ነው።»

ቆጮ ቆርሼ ፊቷ አስቀመጥኩላት፤ አልነካችውም።

አባቷ ለአረፋ ሲመጣ ለቅሶው ላይ ማን ሞተ ያሉኝ ሽማግሌ ጋ ይዤው ሄድኩ፤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መላው አንድ ነው አሉ፤ ያለቀሱት ሰዎች ተመልሰው ይምጡ፣ ስትበላ ስትጠጣ ይዩዋት፣ ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ትኑር ይበሉ። በግ አረድን። በየመንደሩ ሰው ላክን። ቀኑን ሆን ብለን ከቅዳሜ ውጪ አደረግነው። ከጠዋት ጀምሬ ቆጮ ስጋግር፣ ጎመንና አይብ ሳሰናዳ ዋልኩ፤ ልጄን አጠብኳት፣ አዲስ ሻሽ አሰርኩላት።

ከመንደሮቹ አንድም ሰው አልመጣም። መልእክተኛው ተመልሶ የነገሩትን ነገረኝ፦ «አንዴ ወጥተንላት ገብተናል» ብለዋል። ሽማግሌው ራሳቸው ብቻቸውን መጥተው ደጅ ላይ ተቀመጡ፤ መንገዱን እያዩ።

የመጡት ሌሎቹ ናቸው። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም፤ በአንድ አይሱዙ ተጭነው፣ አረንጓዴ ጨርቃቸውን አስረው መጡ። የወልቂጤም ነበሩበት። ለእሷ የተደገሰ ድግስ መሆኑን ሰምተው ደስ ብሏቸው ነው፤ ስጦታ ሁሉ ይዘዋል። ባለቤቴ ሊያባርራቸው ተነሣ፤ በግቢው ሌላ እንግዳ የለ፣ በጉ ደግሞ ታርዷል፤ ተመልሶ ተቀመጠ። በሉ። አመሰገኑ። ከዚያ አንዱ፣ አስተማሪ ነው፣ ተነሥቶ «እናክብራት» አለ። ልጄ አልጠየቀችም። ወጣ አለችና ሣሩ ላይ፣ በአዲሱ ሻሿ፣ ጋደም አለች። ያ ሁሉ ወጣት ዙሪያዋን ከቦ፣ ደረቱን እየመታ፣ የእኔን ለቅሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለቀሰ። እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር አስተካክለው። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። እጃቸውን ሊጭኑባት መጥተው ነበር፤ አልጫኑባትም።

ሲመሽ ሁለታችን ሳህን አጠብን። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታለቀልቃለች። ከዚያ በጉራጌኛ ጠየቀችኝ፤ ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምታወራኝ።

«እማ፣ ሀቁን ንገሪኝ። ስታለቅሺ የምትጠሪያቸው እነማን ናቸው? የእኔ ስም እኮ የለበትም። ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ የለበትም።»

ለቆሼዋ ሴት የዋሸሁትን ያህል ለእሷ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት። ወንዱን፣ ቀጥሎ ሴቷን፣ ቀጥሎ ያን ትንሹን። የት እንደተቀበሩ፣ ለምን እንዳልጮህኩ። አንቺን እንዳጣ ስፈራ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት አልኳት። የሚገባት መሰለኝ፤ እንዲያውም የሚያሳርፋት መሰለኝ። ለአንቺ ገና አልተለቀሰልሽም፣ እንግዲህ ኑሪ ማለቴ ነበር።

እጇን ከውሃው አወጣች።

«ታዲያ ለእኔ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ።»

«እሺ» አለች። እጇን ቀስ አድርጋ በልብሷ ጠረገች፣ ጨርቁን አጥፋ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ፊልም አልሄደችም። ሁለት ሳምንቱ አልቆ አባቷ ሲመለስ ልብሷን ጠቅልላ አብራው ወጣች፤ ልሂድ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ይኸው ሁለት አረፋ አለፈ። አባቷ ብቻውን ይመጣል። ገና በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ «ደህና ናት፤ ሱቁን ትጠብቅልኛለች» ይለኛል። ሌላ አይጨምርም። ለእሷ ያሰናዳሁትን ቅቤ ሲሄድ እሰጠዋለሁ፤ ይወስድላታል። ትብላው፣ ለሰው ትስጠው፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።